የመቄዶንያ ስምና ባለቤቶቹ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት የሰውን ግብር ለመመዘን ነው። ሰው ቢሞትም ስሙ ይቀራል፤ መልካም ሠርቶ እንደ ሆነ በመልካም፣ ክፉም ሠርቶ እንደ ሆነ በክፉ ይነሣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከመቃብር በላይ የዋለ ስም ወራሽ አያጣም። ሟቹ አንድ፣ ወራሽ ነን ባዮቹ ግን ሁለትና ሦስት በሆኑ ጊዜ ስሙ ራሱ እንደ ርስት ያከራክራል። የርስት መሬት በገመድ ተለክቶ ሊከፈል ይችላል፤ ስምን የሚለካ ገመድ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በኤውሮፓ ደቡባዊ ምሥራቅ፣ ባልካን በሚባለው ምድር፣ በግሪክና ዛሬ ሰሜን መቄዶንያ በምትባለው ሀገር መካከል የተነሣው ክርክር እንዲህ ያለ ክርክር ነበር። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2019 ዓ.ም. ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ቈየ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ነገር ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ «ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ዘመን መጣላት ምን ይባላል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ቃል ምክንያት ወደብ ተዘግቷል፤ ሰንደቅ ዓላማ ተለውጧል፤ ሚሊዮን ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቷል፤ አንድ መንግሥትም ከጎረቤቶቹ ማኅበር ደጅ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ቀርቷል። ጠቡን ከሥሩ ላጤነው ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። «መቄዶንያ» የሚለው ቃል አንድ ሲሆን የሚጠራቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ጥንታዊ መንግሥት፣ ሁለተኛው ሰፊ ምድር፣ ሦስተኛው በቅርብ ዘመን ራሱን በዚህ ስም የጠራ ሕዝብ ነው። አንዱ ወገን ሦስተኛውን አስቦ ቃሉን ሲናገር ሌላው ወገን የሚሰማው አንደኛውን ነበር። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማየት ክርክሩን የማወቅ መጀመሪያ ነው፤ ኋላም እንደምናየው የእርቁ ቁልፍ የተገኘው በዚሁ መለየት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ መቄዶንያ እንግዳ ስም አይደለም። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ ባሕሩን ተሻግሮ ወደዚያ የሄደው አንድ የመቄዶንያ ሰው በሌሊት ራእይ ስለ ለመነው ነው። ለፊልጵስዩስና ለተሰሎንቄ ሰዎች የላካቸው መልእክታትም የተጻፉት ለዚያው ምድር ምእመናን ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚጦሩበት የበጎ አድራጎት ማእከል በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚህም ሌላ የጥንት ሊቃውንቶቻችን የመቄዶንያውን ንጉሥ ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰው «ዜና እስክንድር» አሰኝተውታል፤ በዚያም መጽሐፍ እስክንድር በአንድ አምላክ የሚያምንና የሚጸልይ ንጉሥ ሆኖ ይታያል። ፋርሶች ደግሞ በባለቅኔው በፊርዶውሲ መጽሐፍ ከራሳቸው ነገሥታት ዘር አስወለዱት። ይህም ታላቅ ስም ያለው ሰው በየሀገሩ አባት እንደማያጣ ያስረዳል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ከጥንታዊው መንግሥት እንነሣ። የመቄዶንያ ነገሥታት ከኦሊምፖስ ተራራ በስተሰሜን ባለው ሜዳ በመጀመሪያ በአይጋይ፣ ኋላም በፔላ ከተማ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም ከተሞች ፍርስራሻቸው የሚገኘው በዛሬዋ ግሪክ ወሰን ውስጥ ነው። ዳግማዊ ፊልጶስ ከ359 እስከ 336 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ነግሦ፣ በ338 በኬሮንያ ጦርነት አቴናንና ቴብስን ድል በመንሣት የግሪክን ከተሞች አብዛኛዎቹን በበላይነቱ ሥር አደረገ። ልጁ ታላቁ እስክንድር የፋርስን መንግሥት ገልብጦ ግብፅን ይዞ እስከ ሕንድ ዳርቻ ከደረሰ በኋላ በ323 በባቢሎን ሞተ።

እነዚህ የጥንት መቄዶናውያን ግሪኮች ነበሩን? በራሳቸው ዘመንም ቢሆን ነገሩ ሳያከራክር አልቀረም። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ቀዳማዊ እስክንድር የተባለው ንጉሥ በኦሊምፒያ ጨዋታ ለመወዳደር በመጣ ጊዜ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች «ይህ ጨዋታ ለግሪኮች ነው» ብለው ተቃወሙት፤ እርሱም ትውልዱ ከአርጎስ መሆኑን አስረድቶ ገባ። የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴኔስ በበኩሉ ፊልጶስን አረመኔ እያለ ይሰድበው ነበር። ይሁን እንጂ ከመሬት ተቆፍረው የወጡት ጽሑፎች በግሪክ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ የሰዎቹ ስሞችና የአማልክቱም ስሞች በብዛት የግሪክ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ያንን መንግሥት ከግሪክ ዓለም ጋር ይቈጥሩታል። በዚህ ነጥብ ላይ የግሪኮች አቤቱታ መሠረት ያለው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ምድሪቱ ናት። ሮማውያን በ168 ዓመተ ዓለም በፒድና ድል ካደረጉ በኋላ መቄዶንያን ውሎ አድሮ ከግዛቶቻቸው አንዷ አደረጓት። ከዚያ ወዲህ ስሙ በአንድ ስፍራ አልተቀመጠም። በቢዛንታይን መንግሥት በዘጠነኛው ምእት ዓመት ግድም «መቄዶንያ» የተባለው የአስተዳደር ክፍል ከጥንቱ ስፍራ በስተምሥራቅ በትራቄ ምድር ይገኝ ነበር፤ ከ867 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው «የመቄዶንያ ሥርወ መንግሥት» የተባለውም ከዚያው ክፍል በመጣው በንጉሥ ባስልዮስ ምክንያት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ምእት ዓመት የኦቶማን ቱርኮች አገሩን በያዙ ጊዜ ደግሞ ስሙ ከመንግሥት መዝገብ ወጣ፤ በመጨረሻው ዘመናቸው ምድሪቱ በሳሎኒክ፣ በሞናስቲርና በኮሶቮ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። በ19ኛው ምእት ዓመት የኤውሮፓ ሊቃውንትና የካርታ ነዳፊዎች የጥንቱን ስም ከመጻሕፍት አንሥተው ለዚያ ሰፊ ምድር መልሰው ሰጡት። በምድሪቱም ላይ ስላቮች፣ ግሪኮች፣ ቱርኮች፣ አልባኖች፣ ቭላኮች፣ አይሁድና ሮማዎች ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። በፈረንሳዮች ገበታ የልዩ ልዩ አትክልት ቅልቅል «ማሴዷን» መባሉ ከዚህ የሕዝብ ቅልቅል የተነሣ ነው ይባላል።

ሦስተኛው ነገር ሕዝቡ ነው። ስላቮች ወደ ባልካን የገቡት በ6ኛውና በ7ኛው ምእት ዓመት ስለ ሆነ በእስክንድር ሞትና በእነርሱ መምጣት መካከል ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል አለ። ይሁንና እነርሱም ቢሆኑ በምድሪቱ ላይ ሲኖሩ ዐሥራ አራት ምእት ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ ነባሮች ናቸው። የተሰሎንቄ ተወላጆች የነበሩት ወንድማማቾች ቅዱስ ቄርሎስና ቅዱስ መቶድዮስ በ9ኛው ምእት ዓመት ለስላቮች ፊደል ቀርጸው መጻሕፍተ ቅዱሳትን ተረጐሙላቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ቅዱስ ቀሌምንጦስም በኦሕሪድ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ብዙ ካህናትን አስተማረ። የዛሬዎቹ ስላቮች መቄዶናውያን የመጻሕፍታቸውን ጥንት ከዚህ ይቈጥራሉ፤ ቡልጋሮችም ይህንኑ ታሪክ የራሳቸው ያደርጉታል።

በኦቶማን መንግሥት ዘመን ሕዝብ የሚቈጠረው በቋንቋው ሳይሆን በሃይማኖቱ ነበር። ኦርቶዶክሳዊ የሆነ ሁሉ በቊስጥንጥንያው ፓትርያርክ ሥር ይተዳደራል። በ1870 ዓ.ም. ሱልጣኑ ለቡልጋሮች የተለየ ቤተ ክርስቲያን በፈቀደ ጊዜ ግን በእያንዳንዱ መንደር «የማን ቤተ ክርስቲያን? የማን ትምህርት ቤት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አቴና፣ ሶፊያና ቤልግራድ በየበኩላቸው መምህራንን ላኩ። ልጁ በግሪክ ትምህርት ቤት ቢገባ ግሪክ፣ በቡልጋር ትምህርት ቤት ቢገባ ቡልጋር፣ በሰርብ ቢገባ ሰርብ ሆኖ ይወጣ ዘንድ ታሰበ። ከመምህሩም በኋላ ሽፍታው መጣ፤ መንደሩ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲለውጥ በጠመንጃ ይገደድ ጀመር። መምህርነት እንደ ውትድርና የተቈጠረበት እንዲህ ያለ ዘመን ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል በ1893 ዓ.ም. በተሰሎንቄ ከተማ የቱርክን አገዛዝ ለመጣል አንድ የምስጢር ማኅበር ተቋቋመ። በነሐሴ 2 ቀን 1903 ዓ.ም. በነቢዩ በኤልያስ በዓል ቀን ዐመፅ ተነሣ፤ በክሩሼቮ ከተማ የቆመው ትንሽ ሪፑብሊክ ዐሥር ቀን ያህል ኖሮ በቱርክ ጦር ተደመሰሰ። በዚያው ዓመት ክርስቴ ሚሲርኮቭ የተባለ ምሁር በሶፊያ ባሳተመው መጽሐፍ የመቄዶንያ ስላቮች ሰርብም ቡልጋርም ሳይሆኑ በራሳቸው ቋንቋ የሚጽፉ ሕዝብ ሊሆኑ ይገባል ሲል አመለከተ። ያን ጊዜ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር።

በ1912 እና በ1913 ዓ.ም. የባልካን ጦርነቶች ቱርክን ከዚያ ምድር አስወጡ። በነሐሴ 1913 በቡካሬስት ውል ምድሪቱ ለሦስት ተከፈለች፤ ግማሽ ያህሉን ግሪክ፣ ከሲሶ የሚበልጠውን ሰርብያ፣ ዐሥር እጅ ያህሉን ቡልጋርያ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ በ1923 ዓ.ም. በሎዛን በተፈረመው የሕዝብ መለዋወጥ ስምምነት ከቱርክ አገር የወጡ ግሪኮች በመቶ ሺህ እየተቈጠሩ በግሪክ መቄዶንያ ሰፈሩ፤ እስላሞቹም ወደ ቱርክ ተሰደዱ። እነዚህ ስደተኞች የአባቶቻቸውን ቤት በትንሹ እስያ ትተው የመጡ ስለ ነበሩ አዲሱን ምድራቸውን ዳግመኛ ላለማጣት የነበራቸውን ፍርሃት ለልጆቻቸው አወረሱ። ይህን ያልተረዳ ሰው የግሪኮችን የኋላ ቍጣ ሊረዳው አይችልም።

አዲሶቹ ገዦች ሁሉ በመጀመሪያ የነኩት ስምን ነው። ቮደን የነበረችው ከተማ ኤደሳ ተባለች፤ ሌሪንም ፍሎሪና ብቻ ሆነች፤ በግሪክ ክፍል በብዙ መቶ የሚቈጠሩ መንደሮች አዲስ የግሪክ ስም ተሰጣቸው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በጄኔራል ሜታክሳስ አገዛዝ የስላቩን ቋንቋ መናገር እንኳ ተከልክሎ ያስቀጣ ነበር። በሰርብያ ክፍል ደግሞ የቤተ ሰቡ ስም «ኢች» በሚል መጨረሻ እንዲጻፍ ተደረገ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቡልጋርያ ያንን ክፍል በያዘች ጊዜ መጨረሻው «ኦቭ» ሆነ፤ ከጦርነቱም በኋላ «ስኪ» የሚለው በዛ። ስለዚህ አንድ ሰው ከተወለደበት ቤት ሳይወጣ በዕድሜው ሦስት ጊዜ ስሙ ሊለወጥበት ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው፣ «ስሜን እኔ ራሴ ልምረጥ» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም።

ያም ምርጫ በነሐሴ 2 ቀን 1944 ዓ.ም. መልክ ያዘ። የቲቶ ወገን የሆኑት አርበኞች በቅዱስ ፕሮሆር ገዳም ተሰብስበው በዩጎዝላቪያ ውስጥ የመቄዶንያ ሪፑብሊክ መቋቋሟን አወጁ። በ1945 ዓ.ም. ፊደሉና የጽሕፈት ቋንቋው ተወሰነ፤ ሚሲርኮቭ ያሰበው ነገር ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ተፈጸመ። ቲቶ ይህን ያደረገው የቡልጋርያን ተጽዕኖ ለማራቅና ወደ ደቡብም ለመመልከት ነው የሚሉ አሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ለራሱ ጥቅም ሲል የከፈተውን ትምህርት ቤት ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ከተማረበት፣ በቋንቋውም ከዘመረበትና ካለቀሰበት በኋላ፣ «ይህ ሕዝብ በትእዛዝ የተፈጠረ ነው» ብሎ መናቅ እውነትን አያስገኝም።

ወዲያውም ከ1946 እስከ 1949 ዓ.ም. ግሪክ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ከኮሙኒስቶቹ ወገን ከተሰለፉት መካከል ከሰሜን የመጡ ስላቭኛ ተናጋሪዎች ብዙዎች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ከጦርነቱ ቀጣና ተወስደው በምሥራቅ ኤውሮፓ አገሮች ተበተኑ። የአቴና መንግሥት ይህን «የልጆች ዘረፋ» አለው፤ የሄዱት ደግሞ ራሳቸውን «ስደተኞቹ ልጆች» ብለው ጠሩ፤ ለአንድ መከራ ሁለት ስም ማለት ይህ ነው። በ1982 ዓ.ም. ግሪክ የጦርነቱ ስደተኞች እንዲመለሱ ስትፈቅድ ፈቃዱ «በትውልድ ግሪክ ለሆኑት» ብቻ ስለ ነበረ፣ መቄዶናውያን ነን ያሉት በውጭ ቀሩ። ለእነዚህ ሰዎች ስም የክብር ነገር ብቻ አልነበረም፤ የአባትን ቤት ደጅ የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ቁልፍ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። የግሪኩ ሊቅ ማኖሊስ አንድሮኒኮስ በቬርጊና ቆፍሮ የጥንቱን ነገሥታት መቃብር አገኘ፤ በወርቁ ሣጥን ላይም ዐሥራ ስድስት ጨረር ያለው ፀሐይ ተቀርጾ ነበር። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ቦታ ስሞች ያደረገው ጉባኤ በአቴና ተሰብስቦ ነበር፤ «የመቄዶንያ ቋንቋ» የሚለው መጠሪያ ያን ጊዜ በዚያው ጉባኤ ሥራ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ነገር ጠቡን ሲያከር ሁለተኛው ደግሞ ከአርባ ዓመት በኋላ ለእርቁ ረዳ።

ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ የመቄዶንያ ሪፑብሊክ በመስከረም 8 ቀን 1991 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻነትዋን መረጠች። ግሪክም ተቃወመች። በዚህ ስም የሚጠራ የራሷ ጠቅላይ ግዛት ያላትና ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ስለ ሆነች፣ «ስሙን የወሰደ ነገ መሬቱን ይጠይቃል» የሚል ሥጋት አደረባት። በየካቲት 1992 በተሰሎንቄ ከተማ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። አዲሲቱ ሪፑብሊክ በጥር 1992 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ በጎረቤት መሬት ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌላት ጻፈች፤ በፈረንሳዊው ሕግ ዐዋቂ በሮቤር ባዳንቴር የሚመራው የኤውሮፓ የዳኝነት ጉባኤም ስሙ ብቻውን የመሬት ጥያቄን አያመለክትም ሲል አስተያየቱን ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ኪሮ ግሊጎሮቭ እነርሱ ስላቮች እንጂ የእስክንድር ዘሮች እንዳልሆኑ በግልጽ ተናገሩ። ነገር ግን በነሐሴ 1992 ፓርላማቸው የቬርጊናን ፀሐይ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ስላኖረ ፕሬዚዳንቱ በቃል ያበረዱትን ፓርላማው በምልክት አነደደው።

በሚያዝያ 1993 ሀገሪቱ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የገባችው «የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ የመቄዶንያ ሪፑብሊክ» በሚል ጊዜያዊ መጠሪያ ነው። በመቀመጫው ተራ እንኳ ስምምነት ስላልነበረ በእንግሊዝኛው መስተአምር መነሻ ፊደል ተቈጥራ ከታይላንድ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰንደቅ ዓላማዋም በድርጅቱ ደጅ ሳይሰቀል ቈየ። በየካቲት 1994 ግሪክ የተሰሎንቄን ወደብ ዘጋችባት፤ የባሕር በር ለሌላት ሀገር ይህ እጅግ ከባድ ነበር። በመጨረሻም በአሜሪካዊው ሳይረስ ቫንስ ሽማግሌነት በመስከረም 1995 በኒው ዮርክ ጊዜያዊ ስምምነት ተፈረመ። ሪፑብሊኳ ሰንደቅ ዓላማዋን ለወጠች፤ ግሪክም ወደቡን ከፈተች፤ የስሙ ጉዳይ ግን ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ግሊጎሮቭ ስምምነቱ ከተፈረመ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በመኪናቸው አጠገብ በፈነዳ ቦምብ ክፉኛ ቈሰሉ፤ ሕይወታቸው ግን ተረፈ።

ቀጠሮው ረዘመ። በዚህ መካከል ብዙ መንግሥታት፣ በ2004 ዓ.ም. አሜሪካም ጭምር፣ ሪፑብሊኳን በራሷ በመረጠችው ስም ዐወቋት። በሚያዝያ 2008 በቡካሬስት በተደረገው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ጉባኤ ግን ግሪክ ስለ ተቃወመች አባልነቷ ታገደ። በሔግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2011 ግሪክ የ1995ቱን ስምምነት አፍርሳለች ብሎ በ15 ድምፅ በ1 ፈረደ፤ ነገር ግን ፍርዱ በሩን አልከፈተም። በስኮፕዬም የነበረው መንግሥት በደጅ ላይ የቀረውን ክብር በድንጋይና በነሐስ ሊተካ ተነሣ። አስቀድሞ በ2006 የአየር ማረፊያው «ታላቁ እስክንድር» ተብሎ ነበር፤ በ2011 ደግሞ በከተማይቱ መካከል በፈረስ ላይ የተቀመጠ የጦረኛ ታላቅ ሐውልት ቆመ፤ ስሙ ባይጻፍበትም እስክንድር መሆኑን ያልተረዳ አልነበረም። ይህም ግሪኮችን አስቈጣ፤ ከራሱ ከሀገሩም ሰዎች ብዙዎቹን አሳዘነ። ከሕዝቡ አንድ አራተኛ ያህል የሚሆኑት አልባኖች በእስክንድር ሐውልት ውስጥ ራሳቸውን አላገኙም፤ የቀሩትም ቢሆኑ የክሩሼቮን ዐመፅና የኦሕሪድን መጻሕፍት የያዘ ሕዝብ ከባዕድ ዘመን አባት መበደር ለምን አስፈለገው ብለው ጠየቁ።

በ2017 ዓ.ም. ዞራን ዛኤቭ በስኮፕዬ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በአቴና አሌክሲስ ጺፕራስ ነበሩ። ዛኤቭ የአየር ማረፊያውን ስም አስነሡ። በሰኔ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር በፕሳራዴስ መንደር ሁለቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ኒኮስ ኮትዚያስና ኒኮላ ዲሚትሮቭ ስምምነቱን ፈረሙ። የስምምነቱ ዋና ቃል ይህ ነው፤ ሀገሪቱ በውስጥም በውጭም «ሰሜን መቄዶንያ» ትባላለች፤ ቋንቋው የመቄዶንያ ቋንቋ ይባላል፤ ዜግነቱም «መቄዶናዊ፣ የሰሜን መቄዶንያ ሪፑብሊክ ዜጋ» ተብሎ ይጻፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰባተኛው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ ሁለቱ ወገኖች «መቄዶንያ» ሲሉ የተለያየ ታሪክና የተለያየ ቅርስ ማለታቸው እንደ ሆነ ተስማሙ፤ በግሪክ አፍ የጥንቱን የግሪክ ሥልጣኔና የዛሬውን የሰሜን ግዛቷን፣ በጎረቤቷ አፍ ደግሞ የራሱ ታሪክ ያለውን የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብና ሀገሩን ያመለክታል። ቋንቋው ከደቡብ ስላቭ ወገን መሆኑና ከጥንቱ የግሪክ ሥልጣኔ ጋር የማይገናኝ መሆኑም ተጻፈ። እንግዲህ ሽማግሎቹ «ስሙ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አልመለሱም፤ «በአንደበትህ ምን ማለትህ ነው?» ብለው ጠየቁ እንጂ።

እርቅ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በመስከረም 30 ቀን 2018 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት መካከል ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ደገፉ፤ ነገር ግን የወጣው መራጭ ከመቶ 37 ያህል ብቻ ነበር፤ ብዙዎች በቤታቸው በመቅረት ተቃወሙ። በጥር 2019 ፓርላማው ከ120 እንደራሴዎች በ81 ድምፅ ሕገ መንግሥቱን ለወጠ፤ በዚያው ወር የግሪክ ፓርላማ በ153 ድምፅ በ146 አጸደቀ። ጺፕራስ በዚያው ዓመት በሐምሌ ምርጫ ሥልጣናቸውን አጡ፤ ሽንፈታቸው ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም በሰሜኑ ክፍል ይህ ጉዳይ ሳይጐዳቸው አልቀረም። ሰሜን መቄዶንያ ግን በመጋቢት 2020 ሠላሳኛዋ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አባል ሆነች። በስኮፕዬ የቆመው ሐውልትም አልፈረሰም፤ የጥንቱ የግሪክ ዘመን ታሪክ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በ2019 ተለጠፈበት።

የመቄዶንያ ነገር በዚህ አላበቃም። በኅዳር 2020 ቡልጋርያ በበኩሏ ተነሥታ የኤውሮፓ ኅብረት ድርድር እንዳይጀመር ከለከለች። የእርስዋ ክርክር ስለ እስክንድር ሳይሆን ስለ ቋንቋውና እንደ ጎጼ ዴልቼቭ ስላሉ የ1903 ዓ.ም. ዘመን አርበኞች ነው፤ «እነዚህ ቡልጋሮች ነበሩ» ትላለች። የዴልቼቭ ዐፅም በ1946 ዓ.ም. ከሶፊያ ወደ ስኮፕዬ ተወስዶ ስለ ነበረ ሁለቱ ሀገሮች በአንድ መቃብር ላይ ይከራከራሉ። በ2022 በተደረገ ስምምነት ሰሜን መቄዶንያ ቡልጋሮችን በሕገ መንግሥቷ እንድትጠቅስ ተጠየቀች፤ በዚህም ላይ የሀገሩ ልብ ተከፈለ። በግንቦት 2024 አዲሲቱ ፕሬዚዳንት ጎርዳና ሲልያኖቭስካ ዳቭኮቫ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ሀገራቸውን «መቄዶንያ» ብቻ ብለው ስለ ጠሩ የግሪክ አምባሳደር ከአዳራሹ ወጡ። አንድ የአቅጣጫ ቃል ከመጨመር ይልቅ ማስለመዱ እጅግ ይከብዳል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በተለይ ለመምህራን የተገባ ይመስለናል። በ19ኛው ምእት ዓመት ጠቡን ከመንደር መንደር ያደረሰው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበር፤ የፕሬስፓው ስምምነትም በስምንተኛው አንቀጹ የሁለቱን ሀገሮች ሊቃውንት በእኩል ቍጥር አስቀምጦ የታሪክ መማሪያ መጻሕፍትንና ካርታዎችን እንዲመረምሩ አዝዟል። ሥራቸው አዝጋሚ ነው፤ ጦርና ወደብ ሳያስፈልጋቸው ሥሩን የሚነኩት ግን እነርሱ ናቸው። የታሪክ መምህር የርስት ዳኛ አይደለም፤ ያለፈውን ዘመን ለአንዱ ፈርዶ ሌላውን ባዶ እጁን አይሰድም። የጥንቱ መቃብር ለግሪኮች ይገባል ብሎ መመስከር የስላቩን ገበሬ ልጅ ከስሙ አያራቁተውም፤ የእርሱን ስም ማወቅም ከቬርጊና ወርቅ ቅንጣት አያጐድልም። ተማሪው ይህን በልጅነቱ ቢረዳ፣ ነገ ዲፕሎማት ሲሆን ሃያ ሰባት ዓመት ከሚፈጅ ክርክር ሀገሩን ያድን ይሆናል።